መከታ ያላዘነባቸው ሦስት ሰፈሮች

ዝናው፦ የሐይቅ ከተማ ቤት ደላላ፤ ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ አላውቅም ብሎ አያውቅም።
ሽታው፦ ከአምባሰል ገጠር ወርዶ ሐይቅ የሚሠራ ወጣት አናጺ፤ ነገር ቶሎ የሚገባው አይመስልም።
መከታ፦ የሽታው ውሻ፤ ቡላ፣ ጆሮ ትልቅ።

[ሐይቅ፣ ባጃጅ ተራው አጠገብ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ገደማ። ሽታው በሸራ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ትልቅ ጥቅልል አጠገብ ቆሟል። አንድ ባልዲም አለ። መከታ ባልዲው ሥር ተኝቷል። ዝናው ከውጫሌ በመጣ ሚኒባስ አሁን መውረዱ ነው፤ ዕቃውን ሲያይ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ክርክሩን ጀምሮታል።]

ዝናው፦ አንድ ነኝ ትላለህ። አለቀ። አንድ!

ሽታው፦ አንድ ግን አይደለሁማ፣ ጋሼ ዝናው።

ዝናው፦ አከራይ «ስንት ናችሁ?» ሲል ሰው ነው የሚቆጥረው። እስቲ ስንት ናችሁ?

ሽታው፦ እኔ አንድ። ማርያማዊት ሁለት። መከታ ሦስት። [አሰብ አድርጎ] ውይ፣ ልጁም አለ ለካ። አራት።

ዝናው፦ ጭራሽ ጨመረ!

ሽታው፦ ልጁን ልተወው?

ዝናው፦ ውሻውን ተወው! ውሻ አይቆጠርም። አንተ ዶሮ ትቆጥራለህ?

ሽታው፦ ማታ ማታ እንቆጥራለን። ሸለምጥማጥ እንዳይወስድ።

ዝናው፦ [ሰማይ ሰማይ እያየ] በአንድ ወር ከሦስት ሰፈር የተባረርከው እኮ በዚህ አፍህ ነው! እኔ ዝናው፣ ሐይቅ ላይ ያላከራየሁት ነገር ቢኖር የዶሮ ቆጥ ነው። ሰው ስሜን ሲያመሰግን ይውላል። አንተ መጣህና ስሜን አጠፋኸው።

ሽታው፦ በእኔ አፍ አይደለም። በመከታ አፍ ነው። ስላላዘነ ነው ያስወጡን።

ዝናው፦ ያው ነው። ይኸው ዛሬም ዕቃህን ይዘህ መንገድ ላይ ተሰጥተሃል።

ሽታው፦ ስለ ዕቃው እንኳ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር፣ ጋሼ ዝናው። ይሄ ዕቃ…

ዝናው፦ አይቼዋለሁ፣ አትንገረኝ! ይሄም ዕቃ ሆኖ? [ጥቅልሉ ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ወዲያው ብድግ ይላል] ወይኔ! ምንድን ነው የወጋኝ? ፍራሽ ነው የእሾህ አጥር?

ሽታው፦ ፍራሽ ነው። የሣር ነው መሰለኝ።

ዝናው፦ መሰለኝ? ሰው የተኛበትን አያውቅም? ለነገሩ በዚህ ላይ የሚተኛ ሰው ምን ያውቃል! ለውሻው አንጥፍለት፤ እሱም ከተቀበለህ።

ሽታው፦ አልተቀበለም። ጠዋት አሸተተውና አስነጠሰው።

ዝናው፦ [በፍራሹ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ እየተቀመጠ] ቁም ነገር እናውራ። ባለቤትህ መቼ ነው የምትመጣ?

ሽታው፦ እሑድ። ልጁ ቅዳሜ አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና ይነሣና በማግስቱ ከእናቷ ቤት ይዛው ትወርዳለች።

ዝናው፦ ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ! የአርባ ቀን ልጅ ታቅፋ መጥታ ባጃጅ ተራ ልትቀመጥ ነው? እንደ ታላቅ ወንድም ልምከርህ። ይሄን ውሻ ወደ አገሩ መልሰው፤ ነገ ቤት አስገባሃለሁ።

ሽታው፦ መልሼው ነበር እኮ።

ዝናው፦ መቼ?

ሽታው፦ መጀመሪያ ስመጣ ለአማቴ ትቼው ነው አውቶብስ የተሳፈርኩ። በማግስቱ ከሰዓት መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ነው የመጣ። መዳፉ ደምቷል፣ ምላሱ ወጥቷል። አየኝና ጭራውን ሊቆላ ሞክሮ አቃተው፤ እግሬ ላይ ተኛ። [ጎንበስ ብሎ መከታን ያሻሸዋል] አልቅሻለሁ፣ ጋሼ ዝናው። አላፍርበትም። እሱን አባርሬ የምገባበት ቤት ቤት አይሆነኝም። ማርያማዊትም «መከታ በሌለበት ልጄን አላስተኛም» ብላለች።

ዝናው፦ [ትንሽ ለዘብ ብሎ] እሺ። እሺ በቃ፣ አታስለቅሰኝ። እንግዲያው በሙያ እንሂድበት። ውሻ ያለው ሰው ቤት አይመርጥም፤ ሰፈር ነው የሚመርጥ። ይሄን የሚያውቅ ደላላ እኔ ብቻ ነኝ። ውሻ የሚያላዝነው በሰፈሩ ጠባይ ነው። አንድ በአንድ እንየው። መናኸሪያው ጀርባ ለምን አላዘነ?

ሽታው፦ እኔ እንጃ።

ዝናው፦ እኔ ግን አውቃለሁ። የመኪና ጥሩምባ ነው።

ሽታው፦ ጥሩምባማ ቀኑን ሙሉ ይነፋል። እሱ ያላዘነ አንድ ቀን ነው። እርስዎ አመሻሽ ላይ «አዲሱ ቤት እንዴት ነው?» ሊሉኝ እየዘፈኑ የመጡ ዕለት።

ዝናው፦ ደንበኛዬን ዞሬ እጠይቃለሁ! ሌላ ደላላ ይሄን ያደርጋል?

ሽታው፦ ኧረ አያደርግም።

ዝናው፦ እና ምን ሆነ?

ሽታው፦ ግቢው ውስጥ ጋሽ ዝናቡ ታመው ተኝተው ነበር። መከታ ሲያላዝን «በቃ፣ መጣልኝ» አሉ። የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ። ሬዲዮናቸውን ለወንድማቸው ልጅ፣ መጥረቢያቸውን ለአማቻቸው፣ ጋቢያቸውን ለጎረቤት ሰጡ።

ዝናው፦ ነፍስ ይማር።

ሽታው፦ ድነዋል እኮ! ዕቃቸውን ለማስመለስ እየዞሩ ነው። ሬዲዮኑ ተመልሷል። ጋቢውን የወሰደው ሰውዬ ግን «ቃል ቃል ነው» ብሎ ለብሶት በፊታቸው ያልፋል።

ዝናው፦ እሺ፣ ሁለተኛው። ሐይቁ ዳር፣ አብዱልመናን ግቢ። እሱ ግልጽ ነው፤ ውሃው ነው። ውሻ ጥላውን ውሃ ውስጥ ሲያይ ሌላ ውሻ ይመስለዋል።

ሽታው፦ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው እኮ ያላዘነ።

ዝናው፦ አስታውሶ ነዋ!

ሽታው፦ እንደዚያ ይሆን? እኔ የማስታውሰው እርስዎ ከአሣ ጥብስ ቤቱ ወጥተው፣ አጥሩ ሥር ቆመው፣ እጅዎን ጆሮዎ ላይ ጭነው…

ዝናው፦ አምባሰል እንደዚያ ነው የሚዘፈን! ይልቅ አብዱልመናን ምን አለ?

ሽታው፦ እሳቸውማ ደነገጡ። ቤት ለቤት እየዞሩ «በድያችሁ እንደሆን አውፍ በሉኝ፣ አውፍ በሉኝ» አሉ።

ዝናው፦ ደግ አደረገ። ወሎዬ እንደዚያ ነው።

ሽታው፦ ግን ለጎረቤታቸው ለሙስዓብ «ከስምንት ዓመት በፊት ድንበራችን ላይ የነበረውን ባሕር ዛፍህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ብለው ተናዘዙ።

ዝናው፦ ወላሂ በል!

ሽታው፦ ሙስዓብም አለቀሰ፣ አቅፎ ሳማቸው፣ አውፍ አላቸው። ሳምንት ጠበቀ። ሳይሞቱ ሲቀሩ ሽማግሌ ላከ።

ዝናው፦ በዛፉ?

ሽታው፦ በዛፉ። ጋሽ አብዱልመናንም «ውሻህ ላይገድለኝ ለምን አናዘዘኝ?» አሉኝ። ባለቤታቸው ዋሲላ ደግ ናቸው፤ ዕቃዬን ሲያወጡ ራሳቸው ተሸክመው አገዙኝ።

ዝናው፦ ሦስተኛው። ከገበያው በላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር። እሱ የደወሉ ነው፤ ጥያቄ የለውም።

ሽታው፦ ደወል ሲደወልማ መከታ እንቅልፉ ነው የሚመጣ። ይወደዋል።

ዝናው፦ ታዲያ ምን ሆኖ ነው?

ሽታው፦ እኔ እንጃ። ሰኞ ነው። አመሻሽ ላይ እርስዎ…

ዝናው፦ እኔን ተወኝና ስለ ሰፈሩ ንገረኝ!

ሽታው፦ ሰፈሩ ጥሩ ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልዴ የእድሩን ድንኳን ለሰብለወንጌል ሠርግ ፈቅደው፣ ሊተከል ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር። መከታ ሲያላዝን «መልሱት! ለቅሶ እየመጣ ነው፤ ድንኳኑን ለሠርግ ሰጥተን ለቀስተኛ የት ልናስቀምጥ ነው?» አሉ።

ዝናው፦ ልክ ናቸው። እድር ማለት ይሄ ነው።

ሽታው፦ ድንኳኑን ጠቅልለው ዕቃ ቤት ቆለፉበት። የሙሽራዋ እናት ደግሞ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ጤና ሲጠይቁ ዋሉ። «እንዴት ነዎት? ወገብዎ እንዴት ነው? እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ» እያሉ። የሚሞት ካለ ቶሎ ይለይላቸውና ድንኳኑ ለእሑድ እንዲደርስ።

ዝናው፦ ማን ሞተ?

ሽታው፦ ማንም። ሰዉ ከመፍራቱ የተነሣ ሁለት ቀን ሙሉ የሳለ እንኳ የለም። ትናንት ከሰዓት አቶ ወልዴ መጥተው «ወይ ሬሳ አሳየን ወይ ሰፈር ልቀቅ» አሉኝ።

ዝናው፦ [ራሱን እየነቀነቀ] የዚህ አገር ሰው ችግር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጆሮ የለውም። በሦስቱም ሰፈር የእኔ ድምፅ ነበር። ያን ማንም አላነሣም! የውሻውን ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት።

ሽታው፦ [በጥንቃቄ] አንድ ላይ ስለነበር ይሆናል።

ዝናው፦ ድምፅ የሚገባት አከራዬ እትዬ ለተብርሃን ብቻ ናት። ስድስት ዓመት ግቢዋ ውስጥ በየማምሻው ሳዜም ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? «ዝናው፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ደሴ ሂድ» ትለኝ ነበር። አምና «አዲስ አበባ ሂድ» አለችኝ። ዘንድሮ ደግሞ «ከአገር ውጣ»።

ሽታው፦ እያራቁዎት ነው።

ዝናው፦ እያሳደገችኝ ነው! መድረኩ እየሰፋ ሲሄድ አይታይህም? እኔማ ለዚያ ቀን ብዬ ሸሚዝ አሰፍቻለሁ። ቢጫ ነው፤ አንገቱ ላይ ጥልፍ አለው። አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም። ፍራሼ ሥር አድርጌ እተኛበታለሁ፤ በዚያው ይተኮሳል።

ሽታው፦ [ደንግጦ ዝናው የተቀመጠበትን ጥቅልል ያያል] ፍራሹ ሥር?

ዝናው፦ አንተ ይሄ አይገባህም።

ሽታው፦ ጋሼ ዝናው፣ እትዬ ለተብርሃንን ካነሡ አይቀር፣ እኔ ትናንት አመሻሽ ላይ…

ዝናው፦ ቆይ፣ ቆይ! ውሻውን ላረጋጋው። ውሻ በዜማ ይገራል፤ ይሄንም አታውቅም። [ይነሣና እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዜማል]

ከአምባሰል አናቱ ሐይቅን ቁልቁል ሳየው፣

[መከታ ብድግ ይላል። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ረጅም ያላዝናል። ዝናው ያቆማል። መከታም ያቆማል።]

ዝናው፦ አየህ? ይሄም ሰፈር ክፉ ነው! [ይቀጥላል]

በእንባዬ ሞላሁት ውሃ እንዳይጎድለው…

[መከታ ከበፊቱ አስበልጦ ያላዝናል። በመንገዱ የሚያልፉ ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያማተቡ ይቆማሉ፤ ማን እንደሞተ በእጃቸው ይጠይቃሉ።]

ሽታው፦ ማንም የለም፣ እማማ። ዘፈን ነው።

[ሴትዮዋ ዝናውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ይሄዳሉ።]

ዝናው፦ ሆዱ ባብቶ ነው። አምባሰል ቅኝቱ የሐዘን ነው። እንኳን ውሻ ሰውም አይችለው።

[አጠገባቸው የቆመ ባለባጃጅ ሬዲዮውን ይከፍታል። አንዲት ዘፋኝ በአምባሰል ቅኝት ታዜማለች። መከታ ጭራውን ሁለቴ ቆልቶ ይተኛል።]

ሽታው፦ ይሄስ አምባሰል አይደለም?

ዝናው፦ [ጆሮውን ጣል አድርጎ] ነው።

ሽታው፦ ተኛ እኮ።

ዝናው፦ ደክሞት ነው።

ሽታው፦ ይሆናል። እርስዎን ሲያጅብ።

ዝናው፦ አሁን ወደ ሥራችን። ሥጋ ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል አለችኝ። ሥጋ እያሸተተ የሚያላዝን ውሻ የለም።

ሽታው፦ ጾም ሲገባስ?

ዝናው፦ [አሰብ አድርጎ] ጾም ሲገባ ሌላ እፈልግልሃለሁ። ወይም ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ላይ። ጸጥ ያለ ነው፤ ወፍ እንኳ ስትናገር ይሰማል።

ሽታው፦ ጸጥ ካለ እርስዎ ሲመጡም ይሰማላ።

ዝናው፦ በደንብ ነዋ! [ድንገት ጭኑን በጥፊ ይመታል] ደረስኩበት! ምን ሆኜ ነው እስከዛሬ ያልታየኝ? የሚያስፈልግህ ድምፅ የለመደ ሰፈር ነው። ውሻ ቢያላዝን የማይደነግጥ። እንዲህ ያለ ግቢ ሐይቅ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔው የእትዬ ለተብርሃን ግቢ!

ሽታው፦ እሱንማ…

ዝናው፦ አታቋርጠኝ፣ ሐሳቤ ይበተናል! ሴትዮዋ ዶሮዎቿን ሸለምጥማጥ ጨርሶባታል፤ ውሻ ትፈልጋለች። አጥሩ ደህና ነው። ክፍሉ የጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ ለልጁ ጥሩ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ አለሁ። በየማምሻው ልጅህን በዜማ አስተኛልሃለሁ!

ሽታው፦ [ቀስ ብሎ] ባዶ ክፍል አላቸው?

ዝናው፦ [ፊቱ ጭልም ይላል] እሱ ነው ችግሩ። የምታከራየው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱን እኔ ይዤዋለሁ። ተከራይ ካልለቀቀ በቀር…

ሽታው፦ ለቋል።

ዝናው፦ ማን?

[ሽታው መሬት መሬት ያያል። መከታም ወደ ሌላ ያያል።]

ሽታው፦ ጋሼ ዝናው፣ ከሚኒባስ ከወረዱ ጀምሮ ሦስቴ ልነግርዎት ጀምሬ ነበር። ትናንት ከዚያ ሰፈር ሲያስወጡኝ እርስዎን ፍለጋ ግቢዎ መጣሁ። እርስዎ ቤት ውስጥ እያዜሙ ነበር። መከታ በሩ ላይ ቆሞ አላዘነ።

ዝናው፦ ያ ውሻ መከታ ነበር? የጎረቤት መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩበት እኮ!

ሽታው፦ ጨምረዋል። ያኔ እትዬ ለተብርሃን ብቅ አሉ። በዱላ ሊያባርሩን ነው ብዬ ስፈራ፣ ተንበርክከው መከታን አንገቱን አቀፉት። «ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብዬ መጮህ እፈልግ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አሉ። እንባቸው መጥቶ ነበር።

ዝናው፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ሽታው፤ ይሄ ዕቃ የማን ነው?

[ሽታው ገመዱን ይፈታል። ሸራው ሲገለጥ ከፍራሹ ሥር ቢጫ ሸሚዝ ይወጣል። ጥልፉ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። በደንብ ተተኩሷል።]

ሽታው፦ የእኔማ ዕቃ ጠዋት ገብቷል። እርስዎ ውጫሌ ሄደው ስለነበር፣ እትዬ ለተብርሃን «እስኪመለስ ጠብቅለት፤ ሰው እንዳይነካበት አደራ» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ከመከታ ጋር እየጠበቅን ነው። ማንም አልነካውም። እርስዎ ተቀመጡበት እንጂ።

ዝናው፦ [ፍራሹን ይዳብሳል] ይሄ… የእኔ ፍራሽ ነው?

ሽታው፦ አዎ። የእሾህ አጥር ያሉት።

[ዝናው ቀስ ብሎ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። ይወጋዋል። አይነሣም።]

ዝናው፦ ሽታው፣ የእግዜር እውነት ንገረኝ። ድምፄ ያን ያህል ነው?

ሽታው፦ [መከታን እያሻሸ] መከታ ለማንም እንደዚያ ከልቡ ሆኖ አላዝኖ አያውቅም።

ዝናው፦ [ሸሚዙን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል] እና «ደሴ ሂድ» ያለችኝ…

ሽታው፦ ደሴ ትልቅ ከተማ ነው፤ እዚያ ላይሰማ ይችላል ብለው ይሆናል። አይዞዎት፣ ጋሼ ዝናው። እርስዎ ሦስቴ ቤት ፈልገውልኛል፤ እኔም አልተውዎትም። እሑድ ማርያማዊት ስትመጣ ምሳ ይበላሉ። ለንግግር ብቻ ይምጡ።

ዝናው፦ [አፍንጫውን ጠርጎ፣ ትከሻውን እያቀና] ምን አለ! እኔ እኮ ዝናው ነኝ። ለራሴ ሰፈር አላጣም። እስቲ፤ መናኸሪያው ጀርባ…

ሽታው፦ ጋሽ ዝናቡ ገና ጋቢያቸውን አላስመለሱም።

ዝናው፦ ሐይቁ ዳር።

ሽታው፦ ሽምግልናው አላለቀም።

ዝናው፦ ከገበያው በላይ።

ሽታው፦ ሠርጉ ይለፍ።

ዝናው፦ የገዳሙ መንገድ።

ሽታው፦ መነኮሳቱ ምን አደረጉ?

ዝናው፦ [ተናዶ ይነሣል] ቤት አላጣም አልኩህ! ለእኔ ቀላል ነው። ውሻ የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ሚስት የለኝ። «ስንት ናችሁ?» ሲሉኝ አንድ ነኝ እላለሁ። አለቀ። አንድ!

ሽታው፦ [ባልዲውን እያነሣለት] አንድ ግን አይደሉማ፣ ጋሼ ዝናው።

ዝናው፦ እንዴት አይደለሁም?

ሽታው፦ እርስዎ አንድ። ድምፅዎ ሁለት።